«ፎርማት ይደረግ?» ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ!

ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አማትና ምራት ብዙ አውግተናል። የዛሬው ወጋችን ግን የመዳፍ ስፋት ስላላት ጥቁር ሣጥን ነው፤ ስለ ሃርድ ዲስክ። «ይሄ ደግሞ የትዳር ጉዳይ የሆነው መቼ ነው?» እንዳትሉኝ። ከደባርቅ የመጣ አንድ ደብዳቤ በዚች ሣጥን ምክንያት ባልና ሚስት ሦስት ቀን ሙሉ ተኳርፈው እንደሰነበቱ ይነግረናል። እስቲ ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በጥር ወር ለእህታችን ሠርግ መጥቶ ነበር። ሠርጉን ብቻ ሳይሆን አባታችንን አስቀምጦ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር በቪዲዮ ቀረጸው። አባታችን በሰኔ አረፈ። ወንድሜ ያን ሁሉ በሃርድ ዲስክ አድርጎ በሰው እጅ ላከልን። ቲቪው ላይ ስንሰካው ‹ፎርማት ይደረግ?› ይላል። የባለቤቴ ወንድም ላፕቶፕ ላይም እንደዚያው። ባለቤቴ ‹እሺ በይው፣ ይከፈታል፤ ኳስና ፊልምም እናስጭንበታለን› ይላል። እኔ ፈራሁ። ኮምፒውተር ቤት ብወስደው ልጁ ‹ፎርማት አድርጌ ለሁለት ከፍዬ እሰጥዎታለሁ› አለኝ። ምን ላድርግ?»

እትዬ፣ ደብዳቤዎ ዕድሜዎን ባይነግረኝም ሁለት ልጆች ካሳደጉ ታላቄ ነዎት ብዬ ገምቻለሁ። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ አንዲት ቃል ልበልዎ፦ አይንኩት! ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ያች «እሺ» የምትባል ነገር አንዴ ከተጫነች የአባትዎ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል።

ለምን መሰልዎ? እኛ አገር ድሮ ብራና ውድ ነበር። ጽሑፉ የማይፈለግ ብራና ይፋቅና ሌላ ጽሑፍ ይጻፍበታል። ፎርማት ማለትም ይኸው ነው፤ ብራናውን ፍቆ በራስ ፊደል ለመጻፍ ማዘጋጀት። ወንድምዎ ዲስኩን ያዘጋጀው ማክ በሚባለው ኮምፒውተር ይመስለኛል። ማክ የራሱ አጻጻፍ አለው። ቲቪውና ላፕቶፑ ያንን አጻጻፍ አያነቡም። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ?» ሲሉ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ማለታቸው አይደለም። «እኔ ይህን ጽሑፍ አላነበውም፤ ልፋቀውና በማውቀው ፊደል ልጻፍበት?» ማለታቸው ነው። ግዕዝ የማያነብ ሰው ዳዊት ቢሰጡት ይፍቀው? አይፍቀው! የሚያነብ ሰው ይፈለግ እንጂ።

እንግዲህ «ፊደሎቹ» የትኞቹ እንደሆኑ ላስተዋውቃችሁ። የሃርድ ዲስክ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእነሱ ነውና ሁላችሁም ብትሰሙት ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያው ፋት 32 ይባላል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው። ቲቪው፣ የዲሽ ሪሲቨሩ፣ የመኪና ቴፑ፣ ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ክፉ አመል አለው፤ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስልክ በጥሩ ጥራት ሲቀርጽ በደቂቃ 130 ሜጋባይት ያህል ከወሰደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን 4 ጊጋባይት ይሞላል። ስለዚህ የሦስት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ፋይል ይዛችሁ ፋት 32 ዲስክ ላይ ልትጭኑ ብትሞክሩ፣ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሳችኋል። በጥር የሠርግ ወቅት «ዲስኩ አልሠራ አለኝ» የሚል ቪዲዮ ቀራጭ ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ኤንቲኤፍኤስ ነው። የዊንዶውስ ኮምፒውተር የራሱ ቋንቋ ሲሆን በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ትልቅ ፋይል ይቀበላል፤ መብራት ድንገት ቢሄድም ራሱን የማስተካከያ ዘዴ አለው። ማክ ግን ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነለት በስተቀር አይጽፍበትም። ይኸ ማለት ወንድምዎ ያያል፣ ኮፒም ያደርጋል፤ አዲስ ነገር ግን አይጨምርበትም።

ሦስተኛው ኤክስፋት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን አስታራቂ ሽማግሌ ልትሉት ትችላላችሁ። ዊንዶውሱም ማኩም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። የ4 ጊጋባይቱ ችግርም የለበትም። አዳዲስ ቲቪዎች ብዙዎቹ ያውቁታል፤ አሮጌ ቲቪና ርካሽ ሪሲቨር ግን ላያውቁት ይችላሉ።

አራተኛው የማክ የራሱ ነው። የድሮው ኤችኤፍኤስ ፕላስ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ደግሞ ኤፒኤፍኤስ ይባላል። ለማክ ጥሩ ነው። ለደባርቁ ቲቪ ግን ባዕድ ነው። በእኔ ግምት የእርስዎ ዲስክ ከእነዚህ አንዱ ነው፣ እትዬ።

ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ለወንድምዎ ይደውሉ። «ቪዲዮው አንተ ጋ ሌላ ቅጂ አለው ወይስ ሁሉንም እዚህ ገልብጠህ ከኮምፒውተርህ አጥፍተኸዋል?» ብለው ይጠይቁት። ካለው ሌላ ነገር እስኪያልቅ ድረስ እንዳይነካው ይንገሩት። ከሌለው በእጅዎ ያለው ዲስክ ብቸኛው ቅጂ ነውና እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ ማክ ያለው ሰው ይፈልጉ። ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳም ያልፋል። ማክ ካልተገኘ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሆኖ የማክን ዲስክ የሚያነብ ሶፍትዌር አለ፤ ጎንደር ወርዶ የሚያውቅ ባለሙያ መጠየቅ ነው። «ፎርማት ሳታደርግ ማንበብ ትችላለህ?» ይበሉት። «አይ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ካለዎ አመስግነው ዲስክዎን ይዘው ይውጡ።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮው የሚገለበጥበት ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ያዘጋጁ። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክስፋት ሆኖ ነው። ከተገለበጠ በኋላ «አልቋል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። ቪዲዮውን ይክፈቱት፤ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ይዩት። አባትዎ ሰባተኛውን ቤት ሲጠሩ ከሰሙ በቃ፣ ደርሷል!

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው ስለ ፎርማት የምናወራው።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ሐሳብ እንምጣ። «ለሁለት ከፍዬ» ያለው ፓርቲሽን የሚባለውን ነው። አንድ ክፍል ቤት መሐሉ ላይ ግድግዳ ሠርቶ ሳሎንና ጓዳ እንደማድረግ ማለት ነው። ዲስኩ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት አድርጎ ያየዋል። አንዱን ክፍል በአንድ ፊደል፣ ሌላውን በሌላ ፊደል ማዘጋጀት ይቻላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም።

ከዳባት አንድ መምህር «ለተማሪ የማሳየውንና የግሌን ልለይ» ብሎ ጠይቆኛል። ለእሱ ፎልደር ይበቃዋል ባይ ነኝ። በሁለት ፎልደር የሚለየውን ነገር በግድግዳ መለየት ነገ ጣጣ አለው፤ አንዱ ክፍል ሞልቶ ሌላው ባዶ ሲቀር «ግድግዳውን ልግፋው» ማለት ይመጣል፤ ግድግዳ ሲገፋ ደግሞ ዕቃ ይሰበራል።

በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሠራ አስጎብኚ ደግሞ «የእንግዶችን ፎቶ ከአይፎን በቀጥታ ልቀበል» ይላል። ለእሱ መክፈል ጭራሽ አይሆንም! አይፎን ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዲስክ መቀበል ይችላል፤ የአምራቹ መመሪያ ግን ዲስኩ አንድ ክፍል ብቻ ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ ሳይከፈል በሙሉ ኤክስፋት ይሁን። ከስልክ ጋር ሲሰካ ዲስኩ ካልተነሣም ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ፤ የስልኩ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል።

መክፈል የሚጠቅመው የእርስዎን ለመሰለ ቤት ነው፤ ፋት 32 ብቻ የሚያነብ አሮጌ ቲቪ ወይም ሪሲቨር አለ፤ ግን ትልልቅ ቪዲዮም መቀመጥ አለበት። እንግዲህ ለ1 ቴራባይት ዲስክ የምመክረው አከፋፈል ይኸውላችሁ።

የመጀመሪያው ክፍል 32,000 ሜጋባይት፣ ፋት 32፣ ለቲቪው ይሁን። ብዙ ቲቪዎች የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስለሚያዩ የቲቪው ክፍል ከፊት ይምጣ። ለምን 32,000 ብትሉ፣ አብዛኞቹ ዊንዶውሶች በተለመደው መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ ፋት 32 አድርጉልኝ ብትሏቸው እሺ ስለማይሉ ነው። ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ፤ 1 ጊጋባይት ተኩል የሚሆን ፊልም 20 ያህል ይይዛል። የቀረው ሁሉ ኤክስፋት ሆኖ ለቤተሰቡ መዝገብ ይሁን።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ታች ያለችውን የ«ስታርት» ምልክት በቀኝ ጠቅ ታደርጉና «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ትከፍታላችሁ። ዲስኮቹ በተርታ ይታያሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው! የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክም እዚያው አለ። የእናንተን በመጠኑ ለዩት። 1 ቴራባይት የተባለው እዚያ 931 ጊጋባይት ብሎ ይታያል። ነጋዴው አላታለላችሁም፤ ፋብሪካው በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዲስኩን ንቀሉትና የትኛው እንደጠፋ ተመልከቱ፤ መልሳችሁ ስትሰኩ ተመልሶ የሚመጣው የእናንተ ነው።

ከዚያ በዲስካችሁ ክፍል ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ዲሊት ቮልዩም» ትላላችሁ፤ ያለው ሁሉ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሆነውን ቦታ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ስትሉ መጠን ይጠይቃችኋል፤ 32000 ብላችሁ ጻፉ፤ «ፋይል ሲስተም» ሲል ፋት 32 ምረጡ፤ ስሙን «ቲቪ» በሉት። የቀረውን ቦታ በዚሁ መንገድ ኤክስፋት አድርጉና «ቤተሰብ» በሉት። ኤክስፋት የሚለው ምርጫ እዚያ ካልታየ ክፍሉን መጀመሪያ በተገኘው ፎርማት አድርጉት፤ ቀጥሎ «ዚስ ፒሲ» ገብታችሁ ዲስኩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፎርማት» ስትሉ ታገኙታላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዲስኩ የክፍሎቹን ዝርዝር የሚይዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤምቢአር እና ጂፒቲ ይባላሉ። ኤምቢአር የድሮው ነው፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አያይም፤ አሮጌ ዕቃዎች ግን ያውቁታል። ጂፒቲ አዲሱ ነው። ዲስካችሁ ከ2 ቴራባይት የማይበልጥ ከሆነና አሮጌ ቲቪ ካላችሁ ኤምቢአር ይሻላችኋል። ክፍሎቹ ሁሉ ከተሰረዙ በኋላ የዲስኩን ስም በቀኝ ጠቅ ስታደርጉ መለወጫው ይመጣል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይቺን ያዙልኝ፦ ለሁለት መክፈል ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ አይደለም! «ጓዳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ሳሎኑ ቢቃጠል አይነካኝም» የሚል ሰው አይታችኋል? ቤቱ አንድ ነው። ዲስኩ ወድቆ ከተሰበረ፣ ከተሰረቀ፣ ውሃ ከገባበት «ቲቪ»ም «ቤተሰብ»ም አብረው ይሄዳሉ። አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ያሉት ዲስክ ሳያዩ ነው። አንዱ ቅጂ ደባርቅ፣ ሌላው ወንድም ዘንድ አሜሪካ፣ ቢቻል ሦስተኛው ዳባት ወይም ጎንደር ያለች እህት ቤት ይሁን። «ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል» ብቻ ብላችሁም አትተማመኑ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እጅ ላይ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያላየ የለም።

አሁን ደግሞ ለደጋው ሰው ብቻ የሚሆን ምክር። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ከጸጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ባነሰ ርቀት አየር ላይ ተንሳፎ ያልፋል። አየሩ ከሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደባርቅ ከዚያ በታች ናትና አትስጉ። ሳንቃበር ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ። አስጎብኚዎች ሆይ፣ ወደ ላይ ስትወጡ የሚሽከረከረውን ቤት ትታችሁ ኤስኤስዲ ወይም ፍላሽ ያዙ፤ እነሱ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም። ከብርድ የገባ ዲስክም ወዲያው አይሰካ፤ ላቡ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

መብራትን በተመለከተ፣ ኤክስፋትና ፋት 32 ኮፒ እየተደረገባቸው መብራት ከሄደ ወይም ዲስኩ በድንገት ከተነቀለ ቶሎ ይረበሻሉ። ስለዚህ ቻርጅ ባለው ላፕቶፕ ኮፒ አድርጉ፤ ስትጨርሱም «ሴፍሊ ሪሙቭ» ብላችሁ ንቀሉ። «ቸኩዬ ነው» አይሠራም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልበል፤ በተለይ ለእህቶቼ። «ኩዊክ ፎርማት» የሚባለው ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶውና ቪዲዮው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከሥር ተኝቶ ይቆያል። ይህ በአንድ በኩል ተስፋ ነው፤ በስህተት ፎርማት ያደረጋችሁ ካላችሁ ምንም ነገር ሳትጭኑበት ዲስኩን ነቅላችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ፤ ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል ግን አደጋ ነው፤ ዲስካችሁን «ባዶ ነው» ብላችሁ ከሸጣችሁት በኋላ የሸጣችሁለት ሰው የግል ፎቶአችሁን ሊያወጣው ይችላል። ልትሸጡት ከሆነ የ«ኩዊክ»ን ምልክት አንሡና ሙሉውን ፎርማት አድርጉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ! ፊልም ልታስጭኑ ስትሄዱም ፊልም ብቻ የያዘ ፍላሽ ስጡ እንጂ የቤተሰብ ዲስካችሁን አትስጡ።

በመጨረሻ ለእርስዎ ባለቤት አንድ መልእክት አለኝ። ወንድሜ ሆይ፣ ኳስና ፊልም መውደድህ ነውር የለውም። ፊልሙ ግን ነገ ሌላ ሱቅ ይገኛል። የአማትህ ድምፅ የትም ሱቅ አይሸጥም። ልጆችህ ነገ አድገው «እኛ የማን ዘር ነን?» ሲሉ የሚመልስላቸው ያ ዲስክ ነው፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከዚያው ነው። ስለዚህ ለፊልምህ አንዲት ፍላሽ ግዛ። ለሚስትህም «ልክ ነበርሽ» በላት፤ ይህችን ለማለት ፎርማት አያስፈልግም።

እርስዎም እትዬ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ቅጂው በሁለት ቦታ መቀመጡን ካረጋገጡ በኋላ ባለቤትዎ ከሚወዱት ፊልም አንዱን «ቲቪ» ወደሚለው ክፍል ራስዎ ይጫኑላቸው። ኩርፊያውም እዚያው ላይ ይብቃ።

ሌሎቻችሁም ዲስክ፣ ፍላሽ፣ ሪሲቨር አስቸግሯችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ፤ የዕቃውን ዓይነትና የሚያወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጣችሁ ላኩ። ስማችሁ አይወጣም። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!